የእማማ አንጓች ሪሞት

የእማማ አንጓችን ዕረፍት የሰማሁት ሐሙሲት ውስጥ አንድ ሆቴል ጣሪያ ላይ ወጥቼ ዲሽ ሳስተካክል ነው። የደወሉልኝ ባለቤታቸው የኔታ ይባቤ ናቸው። የኔታ ስልክ ሲደውሉ የእኔን ጤና፣ የሚስቴን ጤና፣ የልጆቼን ትምህርትና እኔ ያለሁበትን አገር ዝናብ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። ያን ቀን ግን «ፈንቴ፣ አንጓች ሄደች» ብቻ አሉ። እኔም ቆርቆሮው ላይ ቁጭ አልኩ። የሆቴሉ ባለቤት ከታች ሆኖ «መጣ፣ መጣ፣ ምስሉ መጣ፣ በቃ እንዳትነካው» ይለኛል። የምነካበት እጅም አልነበረኝም።

ወረታ ውስጥ ዲሽ መትከል፣ ቴሌቪዥን መስቀልና ድምፅ ማጉያ መዘርጋት እንጀራዬ ነው። በዚህ ሥራ የሰው ሳሎን ብቻ ሳይሆን ጓዳውንም ታያለህ። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን አልጋ በድንጋይ እንደተደገፈ ሽቦ ስትስብ ታውቀዋለህ። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ትረሳዋለህ። እማማ አንጓችን ግን ልርሳቸው ብል እንኳ እሳቸው የሚፈቅዱልኝ አይመስለኝም።

እማማ አንጓች ሩዝ ነጋዴ ነበሩ። ከአስፋልቱ ዳር፣ ከሩዝ መፈልፈያው አጠገብ ቆመው ከገበሬ ሲገዙ ድምፃቸው ከመፈልፈያው ሞተርም ከሚያልፈው አይሱዙም በላይ ይሰማ ነበር። ገበሬው ጆንያውን ሲያራግፍ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ይሰዱና ከሥር ያለውን ዘግነው ያወጣሉ። «ከላይ ያለው ለዓይን ነው፣ ከሥር ያለው ለእኔ ነው» ይላሉ። ሌላም አባባል ነበራቸው፦ «ሩዝ ሲያዩት ሁሉም ነጭ ነው፤ ጠጠሩ የሚታወቀው ጥርስ ላይ ነው።» ይህቺን ለሩዝም፣ ለሰውም፣ ሊዛመዳቸው ለሚመጣ ቤተሰብም ይጠቀሙባት ነበር።

ባለቤታቸው የኔታ ይባቤ በተቃራኒው የዝግታ ሰው ናቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ከፎገራ ሜዳ አድባራት ውስጥ ተማሪያቸው የማያገለግልበትን መፈለግ ይቀላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጥምጥማቸው ቀን ከሌት የታጠበ የሚመስል። የተጣላ ሁሉ እሳቸው ሳሎን መጥቶ ይታረቃል። ሁለቱ እንዴት እንደተጋቡ ሰው ሲጠይቃቸው እማማ አንጓች፣ «እሳቸው ለእግዚአብሔር ያዜማሉ፣ እኔ ለገበሬው እጮሃለሁ። ሁለታችንም እንሰማለን» ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት የመጋዘናቸው ደረጃ አዳለጣቸውና ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝተው አጥንቱ ገጠመ፣ እግሩ ግን አልታዘዝም አለ። ወንዛዬ ፍል ውሃም ወስደዋቸው ነበር። «ውሃው ደግ ነው፣ እግሬ ነው ክፉ» ብለው ተመለሱ። ንግዱን የወንድማቸው ልጅ ያዘው። ያ አስፋልት ይሻገር የነበረ ድምፅ ከሳሎኑ ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ጓዳ ውስጥ አልጋ ላይ ቀረ።

ባሕር ዳር የምትኖረው ልጃቸው የውብዳር ትልቅ ቴሌቪዥንና ሆም ቴአትር የገዛችው ለዚህ ነው። አምስት ትንንሽ ስፒከሮች አሉት፣ አንድ ደግሞ መሬት ላይ የሚቀመጥ፣ ጎርናናውን ድምፅ የሚያወጣ ትልቅ ሳጥን አለው። እማማ አንጓች እሱን ገና ከካርቶኑ ሲወጣ «በሬው» አሉት፤ በዚያው ጸና። የውብዳር በስልክ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ፈንቴ፣ እማዬ ከአልጋዋ ሳትነሳ ራሷ እንድታዝዘው አድርግልኝ። ሌላው እንደፈለገ ይሁን።»

መጀመሪያ የታየኝ ቀላሉ መንገድ ነበር፤ አልጋውን ወደ ሳሎን ማውጣት።

«እንግዳ በገባ ቁጥር እግሬን ዘርግቼ ልቀበል?» አሉኝ። «እኔ ሰው የምቀበለው ቆሜ ነው። መቆም ካቃተኝ ደግሞ መጋረጃ አለ።»

«እንግዲያው ዕቃውን እርስዎ ዘንድ ላስገባው።»

«እዚህ በሬው ከገባ እኔ ልወጣ ነው። ደግሞ ድምፁ ሳሎን ይሁን። ሳሎኑ ዝም ካለ ሰው የሞትኩ ይመስለዋል።»

ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ከጓዳው በር ትይዩ ካለው የሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ መጋረጃው ሲገለጥ ከአልጋቸው ሆነው ያዩታል። ድምፁን የሚያዝዘው ዋናው ማሽንና የዲሹ ሪሲቨር ግን አይጥና አቧራ እንዳያገኛቸው በጎን ግድግዳ በኩል ካለው ባለመስታወት ቡፌ ውስጥ ገቡ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሪሞት እንደ ዓይን ነው፣ የማያየውን አያዝዝም። ከእማማ አንጓች አልጋ ደግሞ ቡፌው አይታይም፤ መሀል ላይ የጭቃ ግድግዳ አለ።

ለዚህ የሚሆኑ ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ከባሕር ዳር አስመጣሁ። አንዷ አልጋው አጠገብ ሆና ከሪሞቱ ትቀበላለች፣ ሁለተኛዋ ሳሎን ሆና ለማሽኑ ታስተላልፋለች። እማማ አንጓች በእጃቸው እያገላበጡ አይዋቸው።

«ይቺ ትሰማለች፣ ያቺ ትናገራለች» አልኳቸው።

«ሽቦዋ የታለ?»

«ሽቦ የላቸውም። በሞገድ ነው የሚነጋገሩት፣ እንደ ሬዲዮ።»

«ግድግዳውን አልፎ?»

«አዎ፣ አልፎ።»

ትንሽ አሰቡና «እንደኔ ናት በለኛ» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ሰሚዋና ነጋሪዋ ሆነ። ማስቀመጡ ግን እንደ ስማቸው አልቀለለም። ሰሚዋን መጀመሪያ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኳት። በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ስላረፈባት የሪሞቱን ብርሃን ከፀሐዩ መለየት አቅቷታል። «አሳወርካት» አሉኝ እማማ አንጓች። ወደ ራስጌ አዞርኳት፤ እዚያ ደግሞ ትራሱ ይጋርዳታል። በመጨረሻ ከግርጌ በኩል ባለው የልብስ ሳጥን ላይ፣ ፊቷን ወደ እሳቸው አድርጌ ስተክላት ተስማማት። ነጋሪዋ ከቡፌው ፊት ለፊት መሆን አለባት። ከቡፌው ፊት ለፊት ያለው የየኔታ ወንበር ነው፤ ከወንበሩ ጎን ትንሽ ጠረጴዛ አለች። እዚያ ላይ አኖርኳት።

«በሉ ይሞክሩ» አልኩ።

እማማ አንጓች ሪሞቱን ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው በሁለት እጃቸው ይዘው ተጫኑ። በሬው አገሳ። ቡፌው ውስጥ ብርጭቆው ተንቀጫቀጨ፣ የኔታ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እማማ አንጓች ቀነሱት። ጨመሩት። ቀነሱት። ፊታቸው ላይ ከወደቁ ወዲህ ያልታየ ነገር መጣ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው ሳዝዝ እንዲህ የታዘዘኝ የለም።»

«ሰምቻለሁ» አሉ የኔታ ከሳሎን።

«እንዲሰሙት ብዬ ነው እኮ አንቱ።»

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ ስልኬ ይጮህ ጀመር። ሪሞቱ አልሠራ ይላል። እሄዳለሁ፣ ይሠራል። እመለሳለሁ፣ እንደገና ይደወላል። ባትሪ ቀየርኩ፣ ሰሚዋን ፈትቼ ገጠምኩ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያደናብራታል ብዬ ማከፋፈያውን ለወጥኩ። ምክንያቱን ያገኙት እማማ አንጓች ራሳቸው ናቸው።

እሳቸው የሚወዱት በአማርኛ የተተረጎመ የባዕድ አገር ተከታታይ ድራማ ነበር። ገጸ ባሕርያቱን ሁሉ እንደ ገበሬ ጆንያ ነበር የሚፈትሿቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን «ይቺ ሴትዮ ከሥሯ ጠጠር አለባት» ይሉና ከወር በኋላ ሴትዮዋ ባሏን ስትከዳ «አላልኩም?» ብለው ይደገፋሉ። የኔታ ደግሞ የሚወዱት የመንፈሳዊ ጣቢያውን ዝማሬ ነው። ሁለቱ ፕሮግራሞች ተመሳሳይ ሰዓት ላይ ይገጥማሉ።

«ፈንቴ፣ ይሄ ሪሞት የሚታመመው በዝማሬ ሰዓት ብቻ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «እስቲ ሳትነግራቸው በዚያ ሰዓት ና።»

መጣሁ። የኔታ በተመስጦ ተቀምጠው እጃቸውን እንደ ጽናጽል እያወዛወዙ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያዜማሉ። ጥምጥማቸውን አውልቀው ትንሿ ጠረጴዛ ላይ፣ ልክ ከነጋሪዋ ፊት፣ እንደ ምሽግ አቁመውታል። በዚያ ሁሉ ጨርቅ ውስጥ የሪሞት ብርሃን ቀርቶ የቀትር ፀሐይም አያልፍም።

«የኔታ፣ ጥምጥምዎን ወዲህ ቢያደርጉት» አልኳቸው።

«የማስቀምጥበት ሌላ ስፍራ የለም» አሉ፤ ሦስት ባዶ ወንበርና አንድ ረጅም ሶፋ ባለበት ሳሎን ውስጥ።

ጥምጥሙን አነሳሁት። ባነሳሁበት ቅጽበት ዝማሬው ተቋረጠና ድራማው መጣ። እማማ አንጓች ጓዳው ውስጥ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አድርገው ሲጠብቁ ኖሯል። የኔታ ጥምጥማቸውን ተቀብለው ራሳቸው ላይ አደረጉና ድራማውን ማየት ያዙ። ኋላ ከጎረቤት እንደሰማሁት እስከ መጨረሻው አይተውታል፤ ሴትዮዋ ልጇን ስታገኝ እንባቸው መጥቶ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ያን ዓመት የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ የብዙ ሰው ማሳ ወሰን ጠፋ። ውሃው ሲሸሽ አያ ደምሴ የሚባሉ ገበሬ ከሟች ወንድማቸው ሚስት ከዘውዴ ጋር ተካሰሱ። የሁለቱ ማሳ ጎን ለጎን ነው። እሳቸው ወሰኑ ሾላው ዛፍ ጋ ነው አሉ። ዘውዴ ደግሞ ከሾላው አልፎ ቦዩ ጋ ነው አለች። በሾላውና በቦዩ መካከል ያለው መሬት ለደምሴ ጭማሪ ነው፤ ለዘውዴ ግን የልጆቿ ቀለብ ነው። ነገሩ የኔታ ሳሎን መጣ።

እኔ በዚያ ቀን ጓዳ ነበርኩ። የሰሚዋ የመብራት ገመድ ላልቶ ሳጥኑ ላይ ተንበርክኬ እያጠበቅኩ ነው። እማማ አንጓች ለሽማግሌዎቹ ክብር ብለው ድምፁን አጥፍተውታል፤ ድራማው ያለድምፅ ይሄዳል። መጋረጃው በግማሽ ተከድኗል። ሳሎን ውስጥ የኔታ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችና ባለጉዳዮቹ ተቀምጠዋል። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አያ ገበየሁ የሚባሉ፣ ዓይናቸው የደከመ ጆሯቸው ግን ያልደከመ አዛውንት ናቸው።

ዘውዴ የምትናገረው ወደ መሬት ነው፤ ቃሏ ከአፏ ሳይወጣ ያልቃል። አያ ደምሴ ግን ደረታቸውን ነፍተው ያስረዳሉ።

«ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሾላው ወዲያ አርሶ አያውቅም።»

እማማ አንጓች ትራሳቸው ላይ ቀና አሉ። «ውሸት ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። የእሳቸው ሹክሹክታ የሌላው ሰው ንግግር ነው። «ከሾላው ወዲያ ያለውን ሩዝ ከባሏ ስገዛ የኖርኩት እኔ ነኝ። ቦዩ ዳር ውሃ ስለሚተኛበት ፍሬው ይሞላል፣ ገለባው ይጠቁራል። ጨለማ ውስጥ ብታሲዘኝ በእጄ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ይንገሯቸው እንጂ።»

«የጠየቀኝ አለ? ሴት ከጓዳ ጮኻ ሽምግልና ስታፈርስ ሰምተህ ታውቃለህ?»

ሳሎን ውስጥ አያ ደምሴ ቀጠሉ። «እግዜር ያያል፣ ወሰኑ ሾላው ጋ ነው።»

እማማ አንጓች ሪሞቱን አነሱ።

ሳሎኑ በአንዲት የባዕድ አገር ሴት ልቅሶ ተሞላ። በአምስቱ ስፒከር ታለቅሳለች፣ በሬው ከሥሯ ያጓራል። የውሃ ማንቆርቆሪያው ተደፋ። የኔታ «ፈንቴ፣ ምን እየነካህ ነው?» አሉ።

«እኔ አይደለሁም የኔታ» አልኩ።

ልቅሶው ተቋረጠ። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። አያ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እና እንዳልኳችሁ፣ ሾላው ጋ…» ሲሉ ሴትዮዋ እንደገና አለቀሰች። በዚህኛው ጊዜ ደምሴ ራሳቸው ከወንበራቸው ጫፍ ደረሱ። እንደገና ጸጥ አለ።

አያ ገበየሁ ከዘራቸውን ይዘው ረጋ ብለው አሰቡ።

«ደምሴ» አሉ፣ «እስቲ ሌላ ነገር ተናገር።»

«ምን ልናገር?»

«ለምሳሌ ስምህን።»

«ደምሴ ነዋ ስሜ።»

ሁሉም ጠበቁ። ምንም የለም።

«የአባትህን ስም።»

ደምሴ የአባታቸውን ስም ተናገሩ። ጸጥታ።

«በል አሁን ወሰኑን።»

ደምሴ አፋቸውን ከፈቱ። መጀመሪያ ቡፌውን፣ ቀጥሎ ከመሬት የተቀመጠውን በሬ አዩት። ግንባራቸው ላብ አወጣ። «ወሰኑ…» አሉ፣ «ወሰኑ እንግዲህ… ቦዩ ጋ ሳይሆን አይቀርም።»

ዘውዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየች። እኔ ጓዳ ውስጥ ሳቄን ለመያዝ ፊቴን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀብሬያለሁ፤ እማማ አንጓች ግን አልሳቁም። ሪሞቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ከባድ ጆንያ አውርደው እንደሚያርፉ ሰዎች።

በኋላ ሄደው ሲቆፍሩ የድሮው የወሰን ድንጋይ ቦዩ ዳር ከደለል ሥር ተገኘ። ደምሴም ነገሩን አልደበቁትም። የእማማ አንጓች ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብለው ራሳቸው አወሩት። በእሳቸው አወራር በሬው ከቦታው ተነስቶ እግራቸው ሥር ድረስ መጥቷል፣ ብርጭቆው ሁሉ ረግፏል። ሰው በሐዘኑ መሀል እስኪያነባ ሳቀ። ደምሴ ታሪኩን ማንም ሳያቋርጣቸው እስከ መጨረሻው ተናገሩ። ከጨረሱ በኋላ የሚያቋርጣቸው እንደሌለ ሁላችንም አንድ ላይ አስታወስን መሰለኝ፤ ሳቁ ተቋረጠ።

ወሬው ግን ያኔውኑ ወረታን አዳርሶ ይፋግ ገበያ ደረሰ። የኔታ ቤት ውሸት የሚይዝ ስፒከር አለ ተባለ። አንድ ሰው «ለሚስቴ የሚሆን ካለ» ብሎ ሱቄ ድረስ መጥቷል። የኔታ ይህ ሁሉ አሳፈራቸው። እኔን ጠርተው ጓዳው በር ላይ ቆመው ተናገሩ፤ ንግግሩ ለእኔ ቢሆንም ለማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«ሽምግልና ውስጥ መሸፋፈን አለ። ሰው ዋሽቶም ቢሆን ያስታርቃል። በሳጥን ጩኸት የሚዳኝ ሽማግሌ እኔ አልሆንም።»

«ዋሽተው ያስታረቁት ሰው እስኪጣላ ድረስ ነው የሚታረቀው» አሉ እማማ አንጓች ከውስጥ።

«አንቺ፣ በሽማግሌ ፊት አዋረድሽኝ።»

የኔታ ነጋሪዋን ከጠረጴዛው ነቀሉ፣ ሰሚዋንም ከሳጥኑ ላይ አነሱና ሁለቱንም ማኅደራቸው ውስጥ ከመጽሐፋቸው ጋር ከተቷቸው። እኔ አንዳች ነገር ይፈነዳል ብዬ ጠበቅሁ። እማማ አንጓች «ፈንቴ፣ ስትወጣ መጋረጃውን ዝጋው» ብቻ አሉኝ።

ከዚያ ዝም አሉ። እንግዳ ሲመጣ «ተኝተዋል» ይባላል። ምግብ ሲቀርብላቸው ቀመስ አድርገው ይመልሳሉ። ፊታቸው ወደ ግድግዳ ዞሯል። የወንድማቸው ልጅ ስለ ሩዝ ሊያማክራቸው ገብቶ «እንዳሻህ» ብለውት ደንግጦ ወጣ። በሕይወቱ ከእሳቸው ይህን ቃል ሰምቶ አያውቅም።

የኔታ ለጥቂት ቀናት በጸጥታው የተደሰቱ መሰሉ። ከዚያ ማዜም ተዉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠሩኝና ሳሎን አስቀመጡኝ። ጉዳያቸውን አልነገሩኝም። ቡፌው ጋ ሄደው ራሳቸው ቴሌቪዥኑን ነካክተው ድራማውን አወጡት። «ይሄ ነው አይደል የምትወጅው?» አሉ ወደ መጋረጃው። መልስ የለም። ተመልሰው ተቀመጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከእኔ ጋር ማውራት ጀመሩ።

«ፈንቴ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ሩዝና ጤፍ የተቀላቀለበት እንጀራ አያምርም።»

ጆሯቸውን ወደ ጓዳው አዘነበሉ። እኔም አዘነበልኩ። ምንም።

«ሩዝ ነጋዴ ደግሞ ሁሉም ሚዛን ይሰርቃል።»

ምንም።

የኔታ ላብ አላባቸው። ለእሳቸው መዋሸት ከባድ ሥራ ነው። በመጨረሻም፦ «አንጓችን ሳገባት እኮ ወተት እንኳ ማፍላት አትችልም ነበር።»

መጋረጃው አልተነቃነቀም። የኔታ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ። እኚያ ጥምጥም የማያዛንፉ ሰው ያን ዕለት ጥምጥማቸው ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉን አላወቁም።

«መልሰው» አሉኝ ቀስ ብለው። ማኅደራቸውን ከፍተው ሁለቱን ዕቃዎች አወጡ። «ይቺን ግን ጠረጴዛው ላይ አይደለም። እኔ እንዳልደርስባት አድርገህ ስቀላት።»

«ለምን የኔታ?»

«እጄ ካገኛት እሸፍናታለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ከቡፌው ፊት ለፊት ከፍ ብሎ የጣሪያው ወራጅ እንጨት አለ። መሰላል አመጣን። የኔታ መሰላሉን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙልኝ፤ እኔ ወጥቼ ነጋሪዋን ወራጁ ላይ በምስማር አጠበቅኳት፣ ፊቷን ወደ ቡፌው መስታወት ቁልቁል አዘነበልኳት። ከዚያ ላይ ሆና ማሽኑን ከጠረጴዛው ይልቅ በደንብ ታየዋለች። መጀመሪያውኑ ቦታዋ እዚያ ነበር። ሰሚዋን ጓዳ ገብቼ ሳጥኑ ላይ መለስኳት። እማማ አንጓች ፊታቸውን አላዞሩም። ሪሞቱን እጃቸው አጠገብ አስቀመጥኩት፣ አልነኩትም።

የኔታ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ደምሴ ሲዋሽ እኔም አውቄዋለሁ» አሉ። «ዛሬ ታርቀው ይሂዱ ብዬ ነው ያለፍኩት። አንቺ ባትኖሪ ያቺ ልጅ መሬቷን አጥታ፣ ጉልበት ስማ፣ መርቀናት ትሄድ ነበር። መርቀናት። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።»

እኔ መፍቻዬን የት እንደማደርግ ጠፋኝ።

«ወተት ማፍላት እችል ነበር» አሉ እማማ አንጓች ወደ ግድግዳው።

«ትችዪ ነበር» አሉ የኔታ።

«እንዲያውም ገንፍሎብኝ አያውቅም።»

«አያውቅም።»

እማማ አንጓች ዞሩ። ከስተዋል፣ ዓይናቸው ግን የድሮው ነው። የኔታን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። «ጥምጥምዎን ያቅኑት አንቱ፣ ሰው ያየዎታል» አሉና ሪሞቱን አነሱ።

ከዚህ በኋላ የመጣው የመጀመሪያ ሽምግልና የባልና ሚስት ጠብ ነበር። እኔ ያን ቀን የመጣሁት ለሥራ አልነበረም፤ የኔታ «ና ምሳ ብላ» ብለውኝ ነው። ሽማግሌዎቹ ገብተው ሲቀመጡ አያ ገበየሁ ቆመው ቀሩ። በከዘራቸው ወንበራቸውን ፈለጉና አንስተው ወደ ጓዳው በር አዞሩት። ሌሎቹ ተያዩ፣ ከዚያ እነሱም ወንበራቸውን አዞሩ። የኔታ የመጨረሻው ነበሩ። ባልና ሚስቱ ተራ በተራ ተናገሩ። ሲጨርሱ አያ ገበየሁ ወደ መጋረጃው፣ «አንጓች፣ ሁሉንም ሰምተሻል። አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉ።

ውስጥ እንቅስቃሴ ሆነ። «ቆዩኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ቆየን። ትራስ ሲደረደር፣ ልብስ ሲቀየር፣ ማበጠሪያ ሲወድቅ ተሰማ። የምታስታምማቸው ዘመድ ናት መጋረጃውን የገለጠችው። እማማ አንጓች አዲስ ነጠላቸውን ለብሰው፣ በትራስ ተደግፈው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። የመቆም ያህል ነበር። ሽማግሌዎቹ ብድግ ብለው እጅ ነሱ፣ እሳቸውም ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። ሪሞቱ አልጋው ላይ ነበር፤ ዞር ብለውም አላዩት።

ከዚያ ተናገሩ። በባልየው ጀመሩ፣ ወደ ሚስትየዋ ተሻገሩ፣ ከሚስትየዋ ወደ አማቷ፣ ከአማቷም አማትየዋ ሙሽራ በነበሩበት ዘመን ወደሆነው ነገር ሄዱ። ባልየው አንገቱን ደፋ፣ ሚስትየዋ አለቀሰች፣ አማትየዋ ተጠርተው መጡ። ምሳው ቀዘቀዘ። አስፋልቱ ዳር ያለ መንገደኛ ሁሉ ይሰማ ነበር።

የኔታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ፈንቴ፣ ለእሷስ መቀነሻ የለውም?»

«የለውም የኔታ።»

«እንኳን» አሉና ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ጓዳው አስጠጉ።